«አውት ቱ ላንች»፦ ኤሪክ ዶልፊ በሦስት መሣሪያዎች

«አውት ቱ ላንች» አሜሪካዊው የጃዝ ሙዚቀኛ ኤሪክ ዶልፊ ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1964 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ኢንግልዉድ ክሊፍስ በምትባል ከተማ በአንድ ቀን ያስቀዳው አልበም ነው። ዕለቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 17 ቀን 1956 ዓ.ም. ነበር፤ ከዚህ ወዲያ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ የአውሮፓውያን ናቸው። በዚያው ዕለት ማታ ማያሚ ላይ ካሲየስ ክሌይ የተባለ የ22 ዓመት ወጣት፣ በኋላ ዓለም መሐመድ ዓሊ ብሎ ያወቀው፣ ሶኒ ሊስተንን አሸንፎ የከባድ ሚዛን ቡጢ ሻምፒዮን ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ነገር ቦታውን ይለቅ በነበረበት ዘመን ሙዚቃውም ከለመደው ቦታ እየተነሣ ነበር፤ ለዚህ ደግሞ ከዚህ አልበም የበለጠ ምስክር የሚሆን ሥራ ማግኘት ይከብዳል።

አልበሙ አምስት ድርሰቶች አሉት፤ አምስቱም የዶልፊ ናቸው። ከዳር እስከ ዳር ለመስማት 42 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ድርሰቶች ዶልፊ ባስ ክላርኔት ይነፋል፣ በሦስተኛው ፍሉት፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት አልቶ ሳክስፎን። መሣሪያዎቹ በአንድ ድርሰት ውስጥ አይፈራረቁም። ይህ የአልበሙ ቁልፍ ነውና ልብ ሊባል ይገባል፤ ዶልፊ ብዙ መሣሪያ መቻሉን ለማሳየት የደከመበት ምልክት የለም። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚስማማውን ድርሰት ጻፈለት፣ ከዚያም መሣሪያውን እዚያው ተወው።

ዶልፊ የተወለደው ጁን 20 ቀን 1928 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። የወላጆቹ ዘር ከፓናማ የሚመዘዝ ሲሆን ለእነርሱ አንድ ልጅ ነበር። ክላርኔት የጀመረው ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ነው። በትምህርት ቤት ኦቦ ተማረ፣ ቀጥሎ አልቶ ሳክስፎን ያዘ። ወላጆቹ በግቢያቸው ጓሮ የመለማመጃ ክፍል አዘጋጅተውለት ነበር፤ ክፍሉ ውሎ አድሮ የከተማው ወጣት ሙዚቀኞች መገናኛ ሆነ። ዶልፊ ቀን ከሌት የሚለማመድ ሰው ነበር። ስሙ የተሰማው ግን ዘግይቶ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ በሮይ ፖርተር ትልቅ ባንድ ውስጥ ሠራ፣ ከዚያ ወታደር ቤት ገባ፣ ከወታደር ቤት ወጥቶ ዓመታትን በሎስ አንጀለስ ክበቦች አሳለፈ። በ1958 ድራም መቺው ቺኮ ሃሚልተን ወደ ጓዱ ሲወስደው ዕድሜው ሠላሳ አካባቢ ነበር። በዚያ ዓመት በኒውፖርት የጃዝ ፌስቲቫል ላይ በተቀረጸው ፊልም ውስጥ ከሃሚልተን ጋር ሲጫወት ይታያል። በ1959 ወደ ኒው ዮርክ ሄደ።

በጃዝ ውስጥ ሁለትና ሦስት መሣሪያ መንፋት አዲስ ነገር አይደለም። በትልልቆቹ ባንዶች ዘመን አንድ ሳክስፎን ነፊ ጉልበቱ ላይ ክላርኔት አስቀምጦ መሪው ሲጠቁመው ለጥቂት መስመር ያነሣው ነበር። መሣሪያው የሚለወጠው ለቀለም ነበር፤ ሳክስፎኑ ዋናው፣ ሌላው ጭማሪ። ዶልፊ ይህን ሥርዓት አፈረሰው። ከሦስቱ መሣሪያዎቹ «ዋናው ይህ ነው» ብሎ አንዱን መለየት አይቻልም። ሦስቱንም ለየብቻ ዕድሜውን በሙሉ እንደሰጣቸው ያህል ያውቃቸዋል።

አልቶ ሳክስፎኑ ላይ የሳክስፎን ነፊው የቻርሊ ፓርከር ትምህርት በግልጽ ይሰማል፤ ፍጥነቱ፣ ሐረጎቹ የሚቆራረጡበት መንገድ፣ የብሉዝ ጣዕሙ ከፓርከር የመጡ ናቸው። ልዩነቱ ዝላዩ ላይ ነው። ሌላው ሙዚቀኛ ከአንድ ኖታ ወደ ጎረቤቱ በሚራመድበት ቦታ ዶልፊ ከታች ተነሥቶ ከኦክታቭ በላይ ይዘልና ወዲያው ተመልሶ ይወርዳል። መጀመሪያ ለሚሰማው ሰው ጨዋታው የተሳሳተ ይመስላል። ሦስተኛ ጊዜ ሲሰማው ግን የዝላዩ ማረፊያዎች የተመረጡ መሆናቸው ይገባዋል፤ እያንዳንዱ ኖታ ከሥር ካለው ኮርድ ጋር የራሱ ዝምድና አለው፣ ዝምድናው ሩቅ መሆኑ ብቻ ነው።

ባስ ክላርኔት ረጅም ቁመት ያለው፣ ጫፉ ወደ ላይ የተቀለበሰ፣ ከተራው ክላርኔት አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ የሚጮህ የእንጨት መሣሪያ ነው። ከዶልፊ በፊት በጃዝ ውስጥ ጨርሶ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ በ1973 ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ የመጣው የዱክ ኤሊንግተን ባልደረባ ሃሪ ካርኒ አልፎ አልፎ ያነሣው ነበር። ሆኖም የሙሉ ሶሎ መሣሪያ ያደረገው፣ ብቻውን መድረክ ላይ ይዞት ወጥቶ ለደቂቃዎች ያናገረው ዶልፊ ነው። የታችኛው ድምፁ እንጨቱ ራሱ እንደሚናገር ወፍራምና ሞቃት ነው። መካከለኛው እንደ ሰው ንግግር ይጎረብጣል። ዶልፊ ከዚያም አልፎ መሣሪያው ያልተሠራለት ከፍታ ላይ ያወጣውና ያስጮኸዋል። ይህን ማድረግ ከንፈርና ሸምበቆ የሚገናኙበትን ጫና በጣም በጥቂቱ መለዋወጥን ይጠይቃል። መጠኑ ትንሽ ከተሳተ ድምፁ ይሰነጠቃል። ዶልፊ ስንጥቁን ራሱን በፈለገበት ቦታ ማስቀመጥ ይችል ነበር፤ ከአንድ ቁጡ ጩኸት ወደ ሹክሹክታ በአንድ ትንፋሽ ይወርዳል።

ፍሉቱ ከወፎች ጋር የተያያዘ ነው። ዶልፊ በ1962 «ዳውን ቢት» ከተባለው የጃዝ መጽሔት ጋር ሲነጋገር፣ ካሊፎርኒያ ቤቱ ሲለማመድ ወፎች አብረውት ያፏጩ እንደነበር፣ እርሱም ልምምዱን አቁሞ ከወፎቹ ጋር ይጫወት እንደነበር ተናግሯል። ወፎች ፒያኖ ላይ ባሉት ኖታዎች መካከል የሚወድቁ ድምፆችን እንደሚያወጡም አስረድቷል። ማሲንቆ ሰምቶ ላደገ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ጣት በጭራው ላይ ሲንሸራተት ዜማው በሁለት ኖታ መካከል ባለው ቦታ እንደሚያልፍ ያውቀዋል። ዶልፊ ያንን ቦታ በብረት ቁልፎች በተሠራ መሣሪያ ላይ ነበር የሚፈልገው። ፍላጎቱ ግን በጃዝ አልታጠረም። በ1962 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦሃይ በሚካሄደው የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ «ዴንሲቲ 21.5» የተባለውን የኤድጋር ቫሬዝ ድርሰት ብቻውን ተጫውቷል። ድርሰቱ በ1936 ከፕላቲነም ለተሠራ ፍሉት የተጻፈ ሲሆን ቁጥሩ የማዕድኑን እፍጋት ያመለክታል።

ኒው ዮርክ ከገባ በኋላ ያሉት ሁለት ዓመታት እጅግ የተጨናነቁ ነበሩ። በኮንትራባስ ተጫዋቹ በቻርልስ ሚንገስ ጓድ ውስጥ ተጫወተ፤ ሚንገስ ራሱ የሎስ አንጀለስ ልጅ ስለነበር ከድሮ ይተዋወቃሉ። በ1960 «አውትዋርድ ባውንድ» እና «አውት ዜር» የተባሉ አልበሞቹን በስሙ አስቀዳ። ዲሴምበር 21 ቀን 1960 የሆነው ደግሞ ጉልበቱን ያሳያል፤ በዚያ አንድ ቀን ከሳክስፎን ነፊው ኦርኔት ኮልማን ጋር «ፍሪ ጃዝ» የተባለውን፣ አራት አራት ሰው ያላቸው ሁለት ጓዶች በአንድ ላይ የተጫወቱትን አልበም ቀዳ፤ እንደገና በዚያው ቀን የራሱን «ፋር ክራይ» አስቀዳ። በጁላይ 1961 ፋይቭ ስፖት በተባለው የኒው ዮርክ ክበብ ከትራምፔት ነፊው ቡከር ሊትል ጋር ያደረጉት ጨዋታ ተቀድቶ ቀርቷል። ሊትል ከሦስት ወር በኋላ በ23 ዓመቱ ሞተ።

በ1961 መጨረሻ ዶልፊ ከሳክስፎን ነፊው ጆን ኮልትሬን ጋር ሲጫወት የመጣው ነቀፋ ከባድ ነበር። በ«ዳውን ቢት» ላይ ጆን ታይናን የተባለ ሐያሲ የሁለቱን ጨዋታ «ፀረ ጃዝ» ብሎ ጻፈበት። ቃሉ ተለጣፊ ሆነ። መጽሔቱ በሚቀጥለው ዓመት ለኮልትሬንና ለዶልፊ መልስ የሚሰጡበት ቦታ ከፈተላቸው፤ ስለ ወፎቹ የተነገረው እዚያ ነው። ሁለቱም አልተሳደቡም። በትዕግሥት አስረዱ። ሥራ ግን አልተገኘም። የዶልፊን የኒው ዮርክ ሕይወት የሚያውቁ ሁሉ የሚመሰክሩት ትሑት፣ ጨዋ፣ ከአደንዛዥ ዕፅ የራቀ ሰው እንደነበረ ነው። እንዲህ ያለ ችሎታ ያለው ሰው ክበቦች በር እየዘጉበት ሳምንታትን ያለ ሥራ ማሳለፉ የዘመኑ የጃዝ ገበያ አሳፋሪ ታሪክ ነው።

ብሉ ኖት የተባለው የሸክላ ኩባንያ ይህን ሰው ስቱዲዮ ያስገባው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ኩባንያውን በ1939 የመሠረተው አልፍሬድ ላየን በርሊን ተወልዶ ያደገ ጀርመናዊ ስደተኛ ነበር፤ አጋሩና ፎቶ አንሺው ፍራንሲስ ዎልፍም የበርሊን ሰው ነው፣ አይሁዳዊ በመሆኑ ከናዚዎች ሸሽቶ የመጣ። ብሉ ኖት ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ልማድ ነበረው፤ ሙዚቀኞቹ ከቀረጻ በፊት ለሚለማመዱበት ጊዜ ይከፍል ነበር። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። የአብዛኞቹ ኩባንያዎች አሠራር ሙዚቀኞቹ ተገናኝተው የሚያውቁትን ዜማ ወዲያው ተጫውተው እንዲሄዱ ነበር፤ በዚያ መንገድ «አውት ቱ ላንች» ሊቀዳ አይችልም ነበር። የምት አቆጣጠሩ ከድርሰት ድርሰት የሚለዋወጥ ሙዚቃ ሳይለማመዱ አይሞከርም።

ስቱዲዮው የሩዲ ቫን ጌልደር ነው። ቫን ጌልደር የዓይን መነጽር ባለሙያ ነበር፤ ለዓመታት ቀን ዓይን እየመረመረ፣ ማታ ማታ በወላጆቹ ቤት ሳሎን ጃዝ ይቀዳ ነበር። በ1959 መነጽሩን ትቶ ኢንግልዉድ ክሊፍስ ላይ የራሱን ስቱዲዮ ሠራ። ጣሪያው ከፍ ብሎ እንደ ቤተ ጸሎት የተቀሰተ፣ ወራጆቹ ከእንጨት የሆነ ቤት ነው። «አውት ቱ ላንች» ሲሰማ በድምፆቹ ዙሪያ ያለው አየር ከዚህ ቤት የመጣ ነው። ሙዚቀኞቹ ዝም በሚሉባቸው ቅጽበቶች የቤቱ ስፋት ይሰማል።

አብረውት የገቡት አራቱ ሙዚቀኞች በጥንቃቄ የተመረጡ ነበሩ። ትራምፔት ነፊው ፍሬዲ ሃባርድ 25 ዓመቱ ነበር፤ ኒው ዮርክ እንደገባ ከዶልፊ ጋር አንድ ቤት ኖሯል፣ በ«አውትዋርድ ባውንድ» ላይም ነፍቷል። የኮንትራባስ ተጫዋቹ ሪቻርድ ዴቪስ የ33 ዓመት ሰው ሲሆን በጃዝም በሲምፎኒ ኦርኬስትራም የሠለጠነ ነው፤ ፋይቭ ስፖት ላይ ባሱን የያዘው እርሱ ነበር። የቫይብራፎኑ ቦቢ ሃቸርሰን 23 ዓመቱ ነው። ድራም መቺው ቶኒ ዊሊያምስ ገና 18 ዓመቱ ነው። ይህ ልጅ በዚያን ጊዜ የትራምፔት ነፊው የማይልስ ዴቪስ ጓድ ድራም መቺ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነበር።

ፒያኖ የለም። ይህ በጃዝ አልበም ውስጥ ትልቅ ውሳኔ ነው። ፒያኖ ሕብረ ድምፁን ከሥር ያነጥፋል፤ ሶሎ የሚጫወተው ሰው እዚያ ምንጣፍ ላይ ይራመዳል፣ የሚረግጣቸው ኖታዎችም በምንጣፉ ይወሰናሉ። በዚህ አልበም የፒያኖውን ቦታ የያዘው ቫይብራፎን ነው፤ አማርኛ ተናጋሪው አድማጭ በሙላቱ አስታጥቄ እጅ የሚያውቀው፣ የብረት ሰሌዳዎች ተደርድረው በመምቻ የሚመታው መሣሪያ። በሙላቱ ሥራዎች ቫይብራፎኑ ብዙ ጊዜ ይንሳፈፋል፤ ድምፁ እንደ ጭስ ይቆያል። ሃቸርሰን እዚህ የሚያደርገው የዚያ ተቃራኒ ነው። ኮርዱን አያነጥፍም፤ እንደ ብርጭቆ ስባሪ እዚህም እዚያም ይጥለዋል። በአራት መምቻ አንድ ጊዜ መትቶ ይተዋል፣ የቀረው ባዶ ቦታ ለሌሎቹ ይቀራል። የአልበሙ ቀዝቃዛ ብርሃን ከዚህ ይመጣል።

የመጀመሪያው ድርሰት «ሃት ኤንድ ቢርድ» ይባላል፤ «ባርኔጣና ጢም» ማለት ነው። ባርኔጣውና ጢሙ የፒያኖ ተጫዋቹ የቴሎኒየስ መንክ ናቸው፤ መንክ ባለ ልዩ ልዩ ባርኔጣ ሰው ነበር። ዶልፊ መንክን የሚያከብረው ሲራመድ እንኳ ሙዚቃ ያለበት ሰው ነው ብሎ ነው፤ ድርሰቱም በእርግጥ ይራመዳል። ከታች የባስ ሐረግ ይነሣል፤ አጭር፣ ቆምጫጫ፣ አንድ እግሩ ከሌላው የሚረዝም ሰው ደረጃ የሚወጣ ይመስላል። ዶልፊ እንደገለጸው አቆጣጠሩ በአምስት ምት ጀምሮ ሁሉም ሲገቡ ዘጠኝ ይሆናል። ዘጠኙን አምስትና አራት አድርጎ በጣት የቆጠረ አድማጭ ሐረጉ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚመለስ ወዲያው ይይዘዋል። ያልቆጠረ ሰው ደግሞ መሬቱ ከእግሩ ሥር ትንሽ እንደሚንሸራተት ይሰማዋል። ሁለቱም ትክክለኛ አሰማም ናቸው።

ባስ ክላርኔቱ ሶሎውን ሲጀምር የባሱ ሐረግ የሚጠፋ ይመስላል፤ ግን አይጠፋም። ዴቪስ ቁርጥራጮቹን ይዞ ይቆያል፤ አንዱን ኖታ እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ያስቀምጣል። ዊሊያምስ ሲምባሉ ላይ የተለመደውን ወጥ ምት አያቆይም። ይጀምረዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ሐሳቡን የለወጠ ሰው እንደሚያደርገው ስኔር ከበሮው ላይ አንድ ነገር ጥሎ ዝም ይላል። ዶልፊ ከላይ ይናገራል። መናገር የሚለው ቃል እዚህ ቦታ ማጋነን አይደለም፤ ባስ ክላርኔቱ የሚያቋርጡት፣ የሚከራከር፣ አንዳንዴም ቃል አጥቶ የሚያንባርቅ ሰው ንግግር አወራረድ አለው። የድርሰቱ ወገብ ላይ ደግሞ ነፊዎቹ ዝም ብለው ሃቸርሰንና ዊሊያምስ ብቻ የሚቀሩበት ቦታ አለ። አንዱ በብረት፣ ሌላው በቆዳና በእንጨት እርስ በርስ ያንኳኳሉ። የትኛው ምት ከማን እንደመጣ ለመለየት ጆሮ ይቸገራል። ከዚያ የባሱ አንካሳ ሐረግ ሳይታሰብ ተመልሶ ይመጣል፤ ሁሉም ተሰብስበው ይገቡበታል፤ በዚያ ቅጽበት ከስምንት ደቂቃ በላይ የቆየው ሙዚቃ አንድም ጊዜ መንገድ ስቶ እንደማያውቅ ይገለጣል።

ሁለተኛው «ሰምቲንግ ስዊት፣ ሰምቲንግ ቴንደር» ነው፤ ስሙ ስለ ጣፋጭና ስለ ለስላሳ ነገር ይናገራል። ስድስት ደቂቃ የሚዘልቅ ዝግ ያለ ዜማ ነው። ዴቪስ ባሱን በደጋን ይጫወታል፣ ዶልፊ ባስ ክላርኔቱን ይይዛል፤ ወደ መጨረሻው ሁለቱ አንድ ዜማ በአንድ ድምፅ አብረው ይሄዱበታል። የጭራና የሸምበቆ ድምፅ ተቀላቅሎ ሦስተኛ፣ ስም የሌለው መሣሪያ ይወጣል። ዶልፊ በስሜት ደረቅ ነው የሚሉ ሰዎች ይህችን ክፍል አልሰሟትም ማለት ነው።

ሦስተኛው «ጋዜሎኒ» ለጣሊያናዊው ፍሉት ነፊ ለሴቬሪኖ ጋዜሎኒ መታሰቢያ ነው፤ ጋዜሎኒ የዘመኑን አዳዲስ የአውሮፓ ድርሰቶች በመጫወት የታወቀ ሰው ነበር። ስሙ ከሩቅ ቢመጣም ዜማው ከአምስቱ ሁሉ ለፓርከር ዓይነቱ ቤቦፕ ጃዝ የሚቀርብ ነው፤ ፈጣንና ብርሃናማ ነው።  አልበሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው።

ሸክላው ሲገለበጥ የአልበሙን ስም የያዘው ድርሰት ይመጣል፤ 12 ደቂቃ ይወስዳል፣ ከሁሉም ረጅሙ ነው። ዊሊያምስ የወታደር ሰልፍ የሚመስል ከበሮ ይመታል፤ ሰልፉ ግን እኩል አይረግጥም። ዶልፊ አልቶ ሳክስፎኑን ያነሣል። በዚህ ድርሰት «አጃቢ» የሚባል ሰው የለም። ዶልፊም በሸክላው ሽፋን ላይ በታተመው ማብራሪያ በዚህ ቀረጻ ሁሉም መሪ እንደነበር ይናገራል። ሃባርድ ሲነፋ ዊሊያምስ ምቱን አቁሞ እስኪጠብቀው ድረስ ይሄዳል፣ ዴቪስ የራሱን ዜማ ይጀምራል፣ ሃቸርሰን በሁለቱ መካከል አንድ ኮርድ ያስገባል። ሃባርድ ከአምስቱ ይበልጥ ወደ ተለመደው ጃዝ የሚያደላ ነበር፤ እዚህ የሚሰማው ትግሉም ያንን ያሳያል። ለአልበሙ ይህ ይጠቅመዋል፤ ጥርት ያለው ትራምፔቱ በየመሐሉ መሬቱ የት እንዳለ ያስታውሳል።

የመጨረሻው «ስትሬይት አፕ ኤንድ ዳውን» የሰከረ ሰው አረማመድ ነው፤ ዶልፊ ሲጽፈው ያሰበው ይህን ነበር። ዜማው ቀና ብሎ ይቆማል፣ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ሊወድቅ ሲል ይመለሳል። ከአምስት ሰው አንዱ እንኳ ምቱን ቢስት ስካሩ የእውነት ይሆን ነበር። ልምምዱ የት እንደዋለ እዚህ በግልጽ ይታያል።

የሽፋኑን ሥዕል ያሰናዳው የብሉ ኖት ንድፍ ባለሙያ ሪድ ማይልስ ነው። አንድ የሱቅ በር ይታያል፤ በሩ ላይ «እመለሳለሁ» የሚል ምልክት ተንጠልጥሏል፣ ከሥሩም ባለሱቁ የሚመለስበትን ሰዓት የሚጠቁም የሰዓት ሥዕል አለ። ሰዓቱ ግን ሰባት ቆጣሪዎች አሉት፤ ሁሉም በየፊናቸው ያመለክታሉ። የአልበሙ ስም በእንግሊዝኛ ሁለት ትርጉም ይይዛል፤ አንዱ ምሳ ሊበላ ወጥቷል ማለት ነው፣ ሌላው አእምሮው ቤቱ የለም፣ ነካ አድርጎታል ማለት። ዶልፊን «ፀረ ጃዝ» ላሉት ሰዎች ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም ነበር። ሰባት ቆጣሪ ያለው ሰዓት ደግሞ ስለ ሙዚቃው የምት አቆጣጠር ከብዙ ገጽ ጽሑፍ በላይ ይናገራል።

ከቀረጻው በኋላ ዶልፊ አልተቀመጠም። በማርች 1964 በዚያው ስቱዲዮ በፒያኖ ተጫዋቹ አንድሩ ሂል «ፖይንት ኦፍ ዲፓርቸር» ላይ ተጫወተ፤ ዴቪስና ዊሊያምስ እዚያም አብረውት ነበሩ። በአፕሪል ከሚንገስ ጓድ ጋር ወደ አውሮፓ ተጓዘ። ከጉዞው በኋላ አሜሪካ ላለመመለስ ወስኖ ነበር፤ አገሩ ላይ አዲስ ነገር የሚሞክር ሰው እንደሚናቅ በአልበሙ ሽፋን ማብራሪያ ላይ አስቀድሞ ተናግሯል። ጁን 2 ቀን ሆላንድ ሂልቨርሰም ከተማ ውስጥ ከፒያኖ ተጫዋቹ ሚሻ ሜንገልበርግና ከድራም መቺው ሃን ቤኒንክ ጋር ተጫወተ፤ ያ ቅጂ «ላስት ዴት» ተብሎ ወጣ። በዚያው ወር መጨረሻ ሊጫወት በርሊን ገባ። ታሞ ነበር። የስኳር በሽታ እንዳለበት የሚያውቅ አልነበረም። ጁን 29 ቀን 1964፣ 36ኛ ዓመቱን ከደፈነ በዘጠነኛው ቀን፣ የአልፍሬድ ላየንና የፍራንሲስ ዎልፍ የትውልድ ከተማ በሆነችው በርሊን ሞተ። የተቀበረው ሎስ አንጀለስ ነው።

«አውት ቱ ላንች» ለገበያ የወጣው ከሞቱ በኋላ ነው። ዶልፊ በሽፋኑ ላይ ያለውን ሰዓት በሱቅ መስኮት ተደርድሮ አላየውም። «ዳውን ቢት»፣ «ፀረ ጃዝ» የሚለው ቃል የታተመበት መጽሔት፣ በዚያው ዓመት በዝነኞቹ መዝገብ ውስጥ ስሙን አሰፈረው።

አልበሙ ከዚያ ወዲህ ከገበያ ብዙም አልራቀም። የሮክ ሙዚቀኛው ፍራንክ ዛፓ በ1970 በወጣ አልበሙ ላይ አንድ ድርሰት በዶልፊ ስም ሰየመ። ጃፓናዊው ኦቶሞ ዮሺሂዴ በ2005 ሙሉውን አልበም በራሱ ኦርኬስትራ አስተካክሎ እንደገና አስቀዳው። ከሁሉ የሰፋው ተጽዕኖ ግን በባስ ክላርኔቱ በኩል የመጣው ነው። በ1969 ማይልስ ዴቪስ «ቢችስ ብሩ»ን ሲያስቀዳ ቤኒ ሞፒን ባስ ክላርኔት ይዞ ገባ፤ የዚያ አልበም ጥቁር፣ ከሥር የሚያንጎራጉር ድምፅ ግማሹ የእርሱ ነው። ዛሬ ባስ ክላርኔት የሚይዝ የጃዝ ሙዚቀኛ ሁሉ ዶልፊ ከከፈተው በር የገባ ነው።

መሣሪያዎቹስ የት ሄዱ? ፍሉቱንና ባስ ክላርኔቱን ወላጆቹ ለጆን ኮልትሬን ሰጡት። ኮልትሬን በ1966 «ሬቨረንድ ኪንግ» በተባለው ቅጂ ላይ ባስ ክላርኔት ነፋ። በፌብሩዋሪ 1967 «ቱ ቢ» የተባለውን ረጅም ድርሰት ሲያስቀዳ ደግሞ ሳክስፎኑን አስቀምጦ ፍሉት ያዘ። ከአምስት ወር በኋላ እርሱም ሞተ።